አራት ጥማድ በሃያ ዓመት፦ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ሰብል ፈረቃ የቀረበ ምልልስ

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ በአሁኑ ጊዜ የበርካታ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች የተሰባሰቡበት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያስመረቀውና ከፍታው ከ200 ሜትር የሚበልጠው ሕንጻም ጎልቶ የሚታይበት አካባቢ ነው። በአድአ፣ በሰሜን ሸዋ ወይም በሊቦ ከምከም የሚኖር አንድ አራሽ የባንክ ብድር ማግኘት አለማግኘቱ፣ ካገኘም በምን ያህል ጊዜ መልሶ እንዲከፍል እንደሚጠበቅበት በአመዛኙ የሚወሰነው በእነዚህ ሕንጻዎች ውስጥ በሚጻፉ መመሪያዎች ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ምልልስ ነጭ ሽንኩርት ከሌሎች ሰብሎች ጋር እየተፈራረቀ ሲመረት ለአራሹ ገቢና ለመሬቱ አጠቃቀም ምን እንደሚያስገኝ በሁለት ወገን ይመረምራል። አንደኛዋ ተናጋሪ የግብርና ብድር ማመልከቻዎችን የምትገመግም የባንክ ባለሙያ፣ ሁለተኛው ደግሞ በደጋ ሰብሎች ላይ የሠሩ የሰብል ሳይንስ ምሁር ሲሆኑ፣ ሁለቱም የሚወክሉት በጉዳዩ ላይ የሚነሡትን አመለካከቶች እንጂ የታወቁ ግለሰቦችን አይደለም።

ገምጋሚ፦ ዶክተር፣ ለባንክ ከሚቀርቡት የአትክልት ልማት ዕቅዶች መካከል ነጭ ሽንኩርት በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉ የበለጠ የሚያጓጓ ሰብል ነው። በአራትና በአምስት ወር ይደርሳል፣ በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል፣ ከቲማቲምና ከጎመን ይልቅ ሳይበላሽ ይቆያል፣ የከተማው ሸማችም ዋጋው ቢወደድበት መጠኑን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ከወጡ ጨርሶ አያስቀረውም። እንግዲህ አራሹ ይህን የመሰለ ሰብል በእጁ ካለ፣ በየዓመቱ በዚያው እርሻ ላይ ደጋግሞ ቢተክለው ምን ያስቸግራል? በመሃሉ ስንዴና ባቄላ ማስገባት የሚገኘውን ገቢ በፈቃድ መቀነስ አይሆንም ወይ?

ምሁር፦ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ደግሞም ብዙ አራሾች ለራሳቸው የሚያነሡት ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ የሚጀምረው ከአፈሩ ውስጥ ነው። በደጋው ክፍል የነጭ ሽንኩርት ዋና ጠላት ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ ሲሆን፣ የሚያመጣውም ስክለሮሺየም ሴፒቮረም የተባለ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ የሚያጠቃው ነጭ ሽንኩርትን፣ ቀይ ሽንኩርትን፣ ባሮ ሽንኩርትንና የእነርሱን ዘመዶች ብቻ ነው። ሥሩንና ራሱን በነጭ ሻጋታ ሸፍኖ ካበሰበሰ በኋላ፣ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ፣ ጥቁርና ጠንካራ ቅንጣቶችን በአፈሩ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ስክለሮሺያ የሚባሉት እነዚህ ቅንጣቶች ፈንገሱ ምግብ በሚያጣበት ዘመን ተኝቶ የሚቆይባቸው ናቸው፤ የሚተኙትም ለአንድና ለሁለት ወቅት ሳይሆን ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ለሚደርስ ጊዜ ነው። በአሥር ኪሎ ግራም አፈር ውስጥ አንድ ቅንጣት ብቻ መገኘቱ በሽታውን ለማስነሣት ይበቃል፤ በአንድ ኪሎ ግራም ከአሥር እስከ ሃያ ሲደርስ ግን በእርሻው ላይ ካለው ተክል የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ገምጋሚ፦ ቅንጣቱ ሃያ ዓመት ተኝቶ ከቆየ፣ ነጭ ሽንኩርት መተከሉን በምን ያውቃል?

ምሁር፦ በሥሩ ጠረን ነው። ነጭ ሽንኩርትን በምግብም በመድኃኒትም ያስከበረው ሽታ ሰልፈር፣ በአገርኛው ድኝ፣ ከሚገኝባቸው ውሑዶች የሚመነጭ ሲሆን፣ የተክሉ ሥሮችም ከእነዚሁ ውሑዶች ጥቂት ጥቂቱን ወደ አፈሩ ያፈስሳሉ። በአፈሩ ያሉ ባክቴሪያዎች ያንን ወደ ተናኝ ጠረን ሲለውጡት፣ በአቅራቢያው የተኛው ቅንጣት ይነቃና ወደ ሥሩ ያመራል። ይህ የሚሆነው የአፈሩ ሙቀት ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንበት ጊዜ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ለነጭ ሽንኩርት የሚስማማውን ያህል ለጠላቱም ይስማማል። በሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠረን በተቃራኒው ተጠቅመውበታል፤ ነጭ ሽንኩርት ባልተተከለበት ወቅት የነጭ ሽንኩርት ዘይት ወይም ዱቄት ከአፈሩ ጋር በማዋሐድ ቅንጣቶቹ በከንቱ እንዲነቁና የሚበሉት አጥተው እንዲሞቱ ማድረግ ተችሏል። ዘዴው ቅንጣቶቹን በብዛት ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ወጪውም ለአነስተኛ አራሽ የሚቀመስ አይደለም።

ገምጋሚ፦ እንዲያ ከሆነ ለሰብል ፈረቃ የሚቀርበው ክርክር ራሱ የሚፈርስ ይመስላል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ነጭ ሽንኩርት በአንድ እርሻ ላይ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲተከል ነው፤ ፈንገሱ ግን ሃያ ዓመት ይጠብቃል። አራት ዓመት የታገሠ አራሽ ከሃያ ዓመት ጠላት ጋር እንዴት ሊወዳደር ይችላል?

ምሁር፦ በዚህ ነጥብ ላይ የኤክስቴንሽን ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ግልጽ ስለማይሆኑ ጉዳዩን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሰብል ፈረቃ፣ ማለትም ባሕርያቸው የተለያየ ሰብሎችን በአንድ መሬት ላይ በታቀደ ቅደም ተከተል ማፈራረቅ፣ በነጭ አበስብስ ክፉኛ የተመረዘን እርሻ በአራት ዓመት አይፈውስም፤ እንዲህ ያለው እርሻ ለሽንኩርት ዘመዶች ሁሉ ተዘግቶ ለእህልና ለጥራጥሬ መተው አለበት። ፈረቃ የሚጠቅመው ንጹሕ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተነካ እርሻ ላይ ነው። ጥቂት ቅንጣቶች ባሉበት እርሻ ነጭ ሽንኩርት በየዓመቱ ሲተከል ጥቂቶቹ በየዓመቱ ይነቃሉ፣ ተክሉን ያበሰብሳሉ፣ በቦታቸውም እጅግ ብዙ አዳዲስ ቅንጣቶች ይተካሉ። ተክሉ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ሲመጣ ግን ይህ መባዛት የሚከናወነው አንዴ ብቻ ነው፤ በመካከሉም የተወሰኑት ቅንጣቶች በአፈር ውስጥ ባሉ ሌሎች ተሕዋስያን እየተበሉ ያልቃሉ። ስለዚህ ፈረቃን እንደ መድኃኒት የሚያስተምር ሰው አራሹን ያሳስተዋል። ሥራው መከላከል ነው፤ የሚጀመረውም በሽታው ከመታየቱ በፊት ነው።

ገምጋሚ፦ ንጹሕ የነበረ እርሻ መጀመሪያ የሚመረዘውስ በምን በኩል ነው?

ምሁር፦ በበሬ እግር፣ በማረሻ፣ ከላይኛው እርሻ በሚወርድ ጎርፍና የመስኖ ውሃ ላይ የተሳፈረ አፈር ያመጣዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚያመጣው ለዘር የሚሆነው ነጭ ሽንኩርት ራሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት በፍሬ ዘር አይዘራም፤ ራሱ ተፈልፍሎ እያንዳንዱ ፍልቃቂ ለየብቻው ይተከላል። ይህ ማለት ፍልቃቂው ከእናት ተክሉ አፈርን፣ ፈንገስንና ቫይረስን ይዞ ወደ አዲሱ እርሻ ይሻገራል ማለት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ጸደይ፣ ቢሾፍቱ ነጭና ኩሪፍቱ የተባሉትን ዝርያዎች አውጥቷል፤ ይሁን እንጂ የአብዛኛው አራሽ የዘር ምንጭ ካለፈው ምርት የተረፈው ወይም ከገበያ የሚገዛው ነው። ከየት እርሻ እንደ መጣ የማይታወቅ ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ገዝቶ ንጹሕ መሬት ላይ መትከል፣ የአንድ ወቅት የዘር ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሃያ ዓመት ዕዳ መግባት ነው።

ገምጋሚ፦ የዘሩ ወጪ ቀላል እንዳልሆነ ማመልከቻዎቹ ያሳያሉ። ሒሳቡ በአንድ ጥማድ ላይ ተሠርቶ ቢታይ መልካም ነበር፤ አራሹም ሆነ የባንኩ ሠራተኛ የሚግባቡበት መለኪያ እርሱ ነውና።

ምሁር፦ ጥማድ በተለምዶ የሔክታር ሩብ፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ተደርጎ ይወሰዳል። ነጭ ሽንኩርት በመስመሮች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ሲተከል፣ አንድ ጥማድ ወደ 83 ሺህ የሚጠጋ ፍልቃቂ ይይዛል። የአንዱ ፍልቃቂ ክብደት ሁለት ግራም ተኩል ቢሆን ለጥማዱ ሁለት ኩንታል ያህል ዘር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ተክል 25 ግራም የሚመዝን ራስ ቢሰጥ ደግሞ ምርቱ 20 ኩንታል ገደማ ይሆናል። እነዚህ የክብደት መጠኖች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ በየእርሻው ይለያያሉ። ከሃያው ኩንታል ሁለቱ ለሚቀጥለው ዘር ሲነሣ አሥራ ስምንት ይቀራል። በሽታው ምርቱን በግማሽ ቢቀንስ አሥር ኩንታል ይገኛል፤ የዘሩ ድርሻ ግን ያው ሁለት ኩንታል ስለሆነ የሚተርፈው ስምንት ብቻ ነው። ምርቱ በግማሽ ሲወርድ የአራሹ ድርሻ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ማዳበሪያው፣ የተከላውና የኩትኳቶው ጉልበትም ሲታሰብ ጉዳቱ ይህን ያልፋል።

ገምጋሚ፦ ስሌቱ ወደ አራት ጥማድና ወደ ሃያ ዓመት ይሰፋ እንደሆነስ? አንዱ አራሽ አራቱንም ጥማድ በየዓመቱ በነጭ ሽንኩርት ይሸፍን፤ ሌላው በየዓመቱ አንዱን ጥማድ ብቻ እየተከለ በአራት ዓመት አራቱን ያዳርስ። ማን ይበልጣል?

ምሁር፦ ደጋጋሚው አራሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ምርት አግኝቶ በሦስተኛው ዓመት ግማሹን ቢያጣ፣ በአራተኛውም ቢያቆም፣ የሚኖረው በሁለቱ ዓመታት 144፣ በሦስተኛው 32፣ በድምሩ 176 ኩንታል ነው። አፈራራቂው በዓመት አሥራ ስምንት ኩንታል ብቻ ስለሚያገኝ፣ ደጋጋሚውን የሚያልፈው በአሥረኛው ዓመት ነው፤ በሃያኛው ዓመት ግን ከ360 ኩንታል ይደርሳል። ፈንገሱ እህልን ስለማይነካ ደጋጋሚውም ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ ስንዴና ባቄላ ማምረት ይችላል፤ በሃያው ዓመት ውስጥ ከአፈራራቂው የስምንት ጥማድ ምርት ያህል ተጨማሪ እህል ያገኛል። ይህንንም ከእርሱ ወገን መቁጠር ፍትሐዊ ነው። በሌላ በኩል አንድ ቤተሰብ ለአራት ጥማድ የሚሆን ስምንት ኩንታል ዘርና ከ300 ሺህ በላይ ፍልቃቂ በእጅ ለመትከል የሚበቃ ጉልበት ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው።

ገምጋሚ፦ ይህ ስሌት ለፈረቃ ጥብቅና ከመቆም ይልቅ ደጋጋሚውን አራሽ ብልህ የሚያሰኝ ይመስላል። ለአሥር ዓመት ያህል ከጎረቤቱ በልጦ ይኖራል።

ምሁር፦ የጉዳዩ እምብርት ይኸው ነው። አራሾች ነጭ ሽንኩርትን የሚደጋግሙት ባለማወቅ ነው የሚለው አባባል ስንፍና የተጫነው ፍርድ ነው። የደጋው አራሽ እህልን በጥራጥሬ፣ ጥራጥሬን በእህል ማፈራረቅን ያወቀው የምርምር ማዕከላት ከመቋቋማቸው እጅግ ቀድሞ ነው። መሬቱ ነገ የእርሱ ላለመሆኑ ሥጋት ሲኖርበት፣ ብድሩም በአንድ ወቅት ውስጥ ተከፍሎ እንዲያልቅ ሲጠየቅ ግን መደጋገም ከሒሳብ አንጻር ትክክለኛው ምርጫ ይሆናል። ስለዚህ በፈረቃ የሚገኘውን ትርፍ የሚያገኘው በመሬቱ ላይ ረጅም ዘመን የሚቆየው ሰው ነው፤ በሽታውን የሚወርሰውም እርሱው ነው።

ገምጋሚ፦ ወደ መሬቱ ውል ከመገባቱ በፊት በዙሩ ውስጥ ስላሉት ስለ ሌሎቹ ሦስት ሰብሎች መጠየቅ ተገቢ ነው። ስንዴው፣ ባቄላውና ጤፉ ነጭ ሽንኩርቱ ተራው እስኪደርስ ቦታ የሚይዙ ብቻ ናቸው ወይስ የየራሳቸው ሥራ አላቸው?

ምሁር፦ በቅደም ተከተላቸው ከታዩ እያንዳንዳቸው ለሚቀጥለው ሰብል አንድ ነገር ትተው ያልፋሉ። ከነጭ ሽንኩርት በፊት የሚመጣው ባቄላ፣ ምስር ወይም ሽምብራ በሥሩ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ የአየርን ናይትሮጅን ወደ ተክል ምግብነት ይለውጣል፤ ሥሩና ቅጠሉ በአፈሩ ውስጥ ሲበሰብስም ከዚያ የተወሰነው ለነጭ ሽንኩርቱ ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርት በበኩሉ ሥሩ አጭር የሆነ፣ አብዛኛውን ምግቡንም ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር የሚያገኝ ተክል ስለሆነ፣ አራሹ ፍግና ማዳበሪያ በደንብ ካልሰጠው ራሱ አይሞላም፤ የተሰጠውን ግን ሁሉንም አይጨርስም። ከእርሱ ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ ሥሩን ከአንድ ሜትር በላይ ማስጠለቅ ስለሚችል፣ በዝናብ ታጥቦ ወደ ታች የወረደውን ናይትሮጅን መልሶ ያወጣዋል፤ ፎስፈረሱም በላይኛው አፈር ውስጥ ይቆየዋል።

ከማዳበሪያው የማይተናነስ ሌላ ጥቅም ደግሞ የማሳው ከአረም መጽዳት ነው። ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ መሬቱን አይሸፍንም፤ ስለዚህ አራሹ ወደደም ጠላም በወቅቱ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ እየኮተኮተ ማረም ይኖርበታል። ይህ ድካም ብዙውን ጊዜ እንደ ወጪ ብቻ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አረምን መቋቋም የማይችለው፣ ለስላሳና ንጹሕ ማሳ የሚፈልገው ጤፍ በስንዴው ፈንታ በቀጣዩ ክረምት በዚያው እርሻ ላይ ሲዘራ፣ የአንድ ዓመት አረማ ለሁለት ሰብል እንዳገለገለ ይታያል። በአራተኛው ተራ በባቄላው ፈንታ አልፎ አልፎ ጎመን ዘርን ማስገባትም ሊታሰብ የሚገባው ነው። ይህ የቅባት ሰብል መገኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ቅጠልና ግንዱ በእርጥብነቱ ከአፈር ጋር ሲታረስ የሚያወጣው የሰናፍጭ ጠረን አንዳንድ የአፈር ፈንገሶችን ያዳክማል፤ በነጭ አበስብስ ላይ የሚያሳየው ውጤት ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እንደ ማጠናከሪያ እንጂ እንደ ዋስትና ሊታይ አይገባም።

ገምጋሚ፦ እስካሁን የተነገረው ስለ አፈሩ ጤንነት ነው። በዕቅዶች ላይ በተደጋጋሚ የሚገኘው ሌላው ሐሳብ ግን የመሬት አጠቃቀምን ማሳደግ፣ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ማምረት የሚለው ነው። ነጭ ሽንኩርት እዚህ ላይ ምን ድርሻ አለው?

ምሁር፦ ባለሙያዎች በዓመት ውስጥ በሰብል የተሸፈነውን ጠቅላላ ስፋት ለመሬቱ እውነተኛ ስፋት በማካፈል የምርት ድግግሞሽን ይለካሉ፤ አንድ ሔክታር በዓመት ሁለቴ በሰብል ከተሸፈነ ድግግሞሹ 200 በመቶ ነው። በዝናብ የሚመረት ነጭ ሽንኩርት በሰኔና በሐምሌ ተተክሎ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚነሣ ክረምቱን ሙሉ ከስንዴና ከጤፍ ጋር ይሻማል። መስኖ ባለበት ግን ቀድሞ የሚደርስ ገብስ ወይም ድንች ከተነሣ በኋላ በጥቅምት ተተክሎ በመጋቢት ሊሰበሰብ ይችላል፤ መሬቱም ለክረምቱ ሰብል ይለቀቃል። ልዩነቱ ከፍ ያለ ነው፤ በመጀመሪያው መንገድ ነጭ ሽንኩርት የእህልን ቦታ ይወስዳል፣ በሁለተኛው ግን ጦም ያድር የነበረ የበጋ መሬት ላይ ይገባል።

በአድአና በሌሎች የመረሬ አፈር ቦታዎች ይህ የውሃ አያያዝን ይጠይቃል። ጥቁር አፈር ሲረጥብ አብጦ ውሃውን ያቁራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ነጭ ሽንኩርትም ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ለጥቁር አፈር የተሠራው፣ በበሬ የሚጎተተውና ሰፊ መደብና የማጠንፈፊያ ቦይ የሚያወጣው ቢ.ቢ.ኤም. የተባለ መሣሪያ የታሰበው በዋናነት ለስንዴ ቢሆንም፣ የመደብ ሐሳቡ ለነጭ ሽንኩርት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ገምጋሚ፦ በውጭ አገር ከእህል ጋር ተጣምሮ የተሳካ ምሳሌ አለ?

ምሁር፦ ከዓለም ነጭ ሽንኩርት አብዛኛውን የምታመርተው ቻይና ናት፤ በዚያም ነጭ ሽንኩርት በመጸው ተተክሎ የብርዱን ወቅት አሳልፎ ከተነሣ በኋላ መሬቱ ለሩዝ፣ ለበቆሎ ወይም ለጥጥ ይሰጣል። ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ባንግላዴሽ ውስጥ ናቶር በሚባለው አካባቢ፣ ቻላን ቢል በተባለው ረግረጋማ ሜዳ የሚሠራው ነው። እዚያ የዝናቡ ወቅት ሩዝ ታጭዶ ውሃው እንደ ሸሸ፣ አራሾች መሬቱን ሳያርሱ ፍልቃቂውን በእርጥቡ ጭቃ ላይ ይተክሉና በሩዝ ገለባ ይሸፍኑታል፤ ገለባው እርጥበቱን ይጠብቃል፣ አረሙንም ያፍናል። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝን ማምረት ከጀመረ ከአርባ ዓመት ያላነሰ ጊዜ የሆነው ሲሆን፣ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፣ ውሃ ባለበትም ቀይ ሽንኩርት ይተከላል። ጎረቤቱ ሊቦ ከምከም ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አምራች ነው። የገለባ ሽፋኑን ዘዴ በሁለቱ ወረዳዎች ድንበር ላይ በጥቂት ጥማድ መሞከር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ቢሳካ ግን ከፍተኛ ጥቅም ያለው ሥራ ነው። ቀይ ሽንኩርትን በነጭ ሽንኩርት ማፈራረቅ ግን ፈረቃ አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል፤ ለፈንገሱ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ገምጋሚ፦ ገበያውስ? በማመልከቻ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ሁልጊዜ የከፍተኛው ወቅት ዋጋ ነው።

ምሁር፦ በአንድ አካባቢ ያለው ምርት በአንድ ወር ውስጥ ሲነሣ ዋጋው ይወርዳል፣ ክምችቱ ሲያልቅ ይወጣል፤ ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነው። የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህም ይህ ባሕርይ አልተለወጠም። አንዱን ጥማድ ብቻ የተከለ አራሽ በሌሎቹ ሦስት ጥማዶች ላይ የቤቱን ቀለብና የሚሸጥ እህል ስላለው፣ ነጭ ሽንኩርቱን አድርቆ፣ ነፋሻ በሆነ ቦታ አንጠልጥሎ ወይም ዘርግቶ የተሻለ ዋጋ መጠበቅ ይችላል። አራቱንም ጥማድ የተከለው ግን ቀለቡን ለመሸመት በወረደው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። መጠበቅም ወሰን አለው፤ ነጭ ሽንኩርት በየወሩ ክብደቱን ይቀንሳል፣ ከቆየም ያቆጠቁጣል።

ገምጋሚ፦ አሁን ወደ ውሉ መመለስ ይቻላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ነጭ ሽንኩርት ለማምረት ከሚበደሩት መካከል ግን ብዙዎቹ መሬቱን በኮንትራት ወይም በእኩል የያዙ ናቸው።

ምሁር፦ አደጋው የሚከፋውም እዚያ ላይ ነው። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና ባል የሞተባቸው ሴቶች መሬታቸውን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በኮንትራት ይሰጣሉ፤ ተኮናታሪው ነጭ ሽንኩርት ተክሎ፣ ደግሞ ተክሎ፣ በሽታው ሲታይ ወደ ሌላ መሬት ይሄዳል። ባለመሬቷ ኪራዩን አግኝታለች፤ ነገር ግን ለሃያ ዓመት ለሽንኩርት ልማት ሊከራይ የማይችል መሬት ተመልሶላታል። ይህ ጉዳት በየትኛውም የኪራይ ዋጋ ውስጥ አልተሰላም። ውሉ ለአንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም ለአራት ዓመት ቢጻፍና ነጭ ሽንኩርት በዚያ ጊዜ ውስጥ በአንድ ማሳ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይተከል ቢደነገግ፣ የሁለቱም ወገን ጥቅም አንድ ላይ ይገጥማል።

ገምጋሚ፦ በባንኩ በኩል ሕጉ በር ከፍቷል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የይዞታ ማረጋገጫ ያለው አራሽ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ይፈቅዳል፤ በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ስለሚመሠረት የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ሰብልን ጭምር ለመያዣነት ያበቃል። ጥያቄው የብድሩ ዘመን ነው። የአንድ ወቅት ብድር ከአንድ ወቅት ሰብል ጋር ይመጣጠናል፤ ለአራት ዓመት ዙር ማበደር የባንኩን ገንዘብ ማሠር ይሆናል።

ምሁር፦ ገንዘቡ ሁሉ አራት ዓመት መታሠር የለበትም። ከባዱ ወጪ የመጀመሪያው ዓመት ንጹሕ ዘር ነው፤ እርሱ ለሦስትና ለአራት ዓመት ተከፋፍሎ ቢከፈል፣ የየዓመቱ የማዳበሪያና የጉልበት ብድር ግን እንደ ወትሮው በየወቅቱ ቢመለስ፣ አራሹ የዘሩን ዕዳ በአንድ ምርት ለመክፈል ሲል በዚያው ማሳ ላይ እንዲደግም አይገፋም። በተቃራኒው ባንኩ የመጠቀም መብቱን በመያዣነት ይዞ ለመደጋገም የሚያበድር ከሆነ፣ የያዘውን ዋስትና ራሱ በራሱ ገንዘብ እያረከሰው ነው።

ገምጋሚ፦ አራት ጥማድ የሌለው አራሽስ? በብዙዎቹ ማመልከቻዎች ላይ የሚነበበው ይዞታ ከአንድ ሔክታር ያነሰ፣ ያም በሦስትና በአራት ቦታ የተበታተነ ነው። አንድ ጥማድ ብቻ ያለው ሰው በአራት ዓመት አንዴ ነጭ ሽንኩርት እንዲተክል ማዘዝ ድህነቱን ማራዘም ይሆናል።

ምሁር፦ ለዚህ ሰው በግል የሚሠራ ፈረቃ መፍትሔ አይሆንም፤ ይህን መካድ አይገባም። የሚሻለው የኩታ ገጠም እርሻን በአዲስ መልክ መጠቀም ነው። ኩታ ገጠም፣ የጎረቤታሞች ማሳ በአንድ ሰብል ተሸፍኖ በአንድነት የሚለማበት አሠራር፣ ለስንዴ ጠቅሟል፤ ለነጭ ሽንኩርት ግን ያው ሰብል በየዓመቱ እዚያው ከቆየ በሽታውን ከማሳ ወደ ማሳ የሚያዛምት ይሆናል። ጎረቤታሞቹ አራት ኩታ ገጠም ቦታዎችን ለይተው ነጭ ሽንኩርቱን በየዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያዞሩትና በዚያ ዓመት ተራው በደረሰው ቦታ መሬት የሌለው አባል ከሌለበት ጋር ማሳ ለአንድ ወቅት ቢለዋወጥ፣ ባለ አንድ ጥማዱም በየዓመቱ የነጭ ሽንኩርት ድርሻ ይኖረዋል። ውሃና በሬ ድንበር ስለማያውቁም ማሳውን ለብቻው የሚጠብቅ አራሽ ጎረቤቱ ካልጠበቀ የድካሙን ፍሬ በሙሉ አያገኝም። ችግሩ መተማመን ነው፤ የተሰጠ ማሳ ሳይመለስ ይቀራል የሚል ፍርሃት አለ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ የልውውጡን ውል ቢመዘግብና ይዞታው ለማን እንደሆነ ሳይነካ ቢቀር ፍርሃቱ ሊቀንስ ይችላል።

ገምጋሚ፦ እንግዲያው በማመልከቻ ቅጹ ላይ አሁን ያለው ጥያቄ በዚህ ዓመት ምን ሰብል ይመረታል የሚለው ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎች ሁለት መጨመር አለባቸው፤ ማሳው ባለፉት አራት ዓመታት ምን ተዘርቶበት እንደነበረና ፍልቃቂው ከማን እንደሚገዛ።

ምሁር፦ የሽንኩርት ዘመዶችን ታሪክ ለማጣራት አራቱ ዓመታት ያንሳሉ፤ በዚያ ማሳ ላይ ነጭ አበስብስ ታይቶ ያውቃል ወይ የሚለው እስከሚታወሰው ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ ለባለመሬቱም ለጎረቤቶቹም ይቅረብ። የመስኖው ወይም የጎርፉ ውሃ ከየትኛው ማሳ አልፎ እንደሚመጣም ይጠየቅ፤ ከላይ ያለው እርሻ ነጭ ሽንኩርት እየደጋገመ ከሆነ ብድሩ ከመለቀቁ በፊት ቦዩ መዞር አለበት።